ያልመለስኩት ሸኚ

አባቴ ውድድሬን ያበላሸብኝ በረባሶ ተጫምቶ ነው። በረባሶ ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ጫማ ነው፤ ሲራመዱበት ጧ ጧ ይላል፣ ሲሮጡበት ደግሞ ከኋላ ሰው የሚያሳድድ ይመስላል። «አባቴ አበላሸብኝ» እያልኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ለባሌም የነገርኩት እንደዚያ ብዬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፍኖተ ሰላም ላይ ለወጣት ነጋዴዎች ስልጠና ተዘጋጀና ነይና ተናገሪ ተባልኩ። አሰልጣኟ ሕሊና የምትባል ቀልጣፋ ልጅ ናት። ግድግዳው ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ለጥፋለች።

«እትዬ ያምሮት፣ እርስዎ በልጅነትዎ ሯጭ ነበሩ አሉ። ዛሬ ደግሞ የቡሬን በርበሬ አዲስ አበባ ያደርሳሉ። ሩጫ ለንግድ ያስተማረዎትን አራት አምስት ነጥብ ይንገሩን» አለችኝና እስክሪብቶዋን ከፍታ ቆመች።

እኔ ስድስተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረስኩም። «ነጥብ የለኝም፤ ያለኝ አንድ ወሬ ነው፣ እሱም ረጅም ነው» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። እዚያ የተናገርኩት ግማሹን ነው። ሙሉው ይኸው።

ቤታችን ሾላ ሜዳ ነበር፤ ከቡሬ በአዋቂ እግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ። ትምህርት ቤቴ ቡሬ ነው። ጠዋት ከምንጭ ሁለት ጊዜ ውኃ ሳልቀዳ እናቴ አትለቀኝም። ሁለተኛውን እንስራ አውርጄ ቀና ስል ፀሐይ የጎረቤታችንን ጣሪያ አልፋ ታገኘኛለች። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ደብተሬን መቀነቴ ውስጥ ወትፌ እሮጣለሁ። ሩጫ ስፖርት መሆኑን አላውቅም። ለእኔ ሩጫ የዘገየ ሰው መንገድ ነበር።

መምህር ባንተአምላክ የአዴት ሰው ናቸው፤ ሒሳብም ስፖርትም ያስተምራሉ። አንድ ቀን በር ላይ ቆመው አርፋጆችን ሲይዙ ያዙኝ።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከሾላ ሜዳ።»

«ስትነሺ ፀሐይ የት ነበረች?»

«የጋሼ ክንዱ ጣሪያ ላይ።»

እጄን ያዙና ሰዓታቸውን እያዩ ዝም አሉ። ሊገርፉኝ የተዘጋጁ መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። የደም ሥሬን እየቆጠሩ ኖሯል። ለቀቁኝና «ነገም አርፍጂ፤ በዚሁ ፍጥነት ግን ነይ» አሉ። ሌሎቹን አርፋጆች ገረፉ። ለምን እኔን እንደተዉኝ ስላልገባኝ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ያስሮጡኝ ጀመር። የሚነግሩኝ ነገር ብዙ አልነበረም። «የመጀመሪያውን ዳገት ለቸኮለ ሰው ልቀቂለት፤ ዳገቱ ማዶ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ» ይሉኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አፍሽን ዝጊ» ይሉኛል። «በአፍንጫሽ ተንፍሺ። ስትሮጪ የምታወጪው እያንዳንዱ ቃል ከእግርሽ ላይ የተወሰደ ነው። የእግዜር ሰላምታ እንኳ ቢሰጡሽ አትመልሺ።» እኔ ደግሞ ያዢ የተባልኩትን አለቅም። መንገድ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች «ምነው ያምሮት» ሲሉኝ ዝም ብዬ አልፍ ነበር። የይርሳው ልጅ ጠገበች ተባለ።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ። ይርሳው ይባላል። ግራ ጉልበቱን በሬ ረግጦት ትንሽ ያነክሳል። ሰው የሚያውቀው ግን በማነከሱ ሳይሆን በመሸኘቱ ነው።

በእኛ አገር እንግዳ ብቻውን ከደጅ አይወጣም። ባለቤቱ ጎን ለጎን እየሄደ ይሸኘዋል፤ እየሸኘም የቤቱን ወሬ ያወራዋል፣ ማሳው እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተሻለው። እንግዳው «በቃ ይመለሱ» ይላል። ሸኚው «እስከዚያች ዛፍ ብቻ» ይላል። ዛፏ ጋ ሲደርሱ እንግዳው እንደገና ይመለሱ ይላል። ያኔ ሸኚው ይመለሳል። እንግዳው ሳይለው ግን መመለስ ነውር ነው፤ መንገድ ላይ ጥሎት እንደሄደ ነው የሚቆጠረው። ብዙ ሰው የሚመለሰው ከሰፈራችን ጫፍ ካለችው ሾላ ነው።

አንድ ጊዜ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል እኛ ቤት አድረው ሲሄዱ አባቴ ሊሸኛቸው ወጣ። መሪጌታ ወሬ ከጀመሩ ሌላው ሁሉ ይጠፋባቸዋል፤ ይመለሱ ማለቱን ረሱት። አባቴ ቡሬ ገበያ መሐል ድረስ ሸኛቸው። ከሰዓት በኋላ እያነከሰ ሲመጣ እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«እንኳን ደብረ ማርቆስ አልሄዱ። እዚያው ትቀር ነበር።»

«ሳይሉኝ እንዴት ልመለስ?»

«እግሩ ያንተ አይደለም እንዴ?»

«እግሩ የእኔ ነው። ቃሉ የሳቸው ነው» አለና ጉልበቱን በቅቤ አሸ።

እኔ ከእናቴ ጋር ሳቅኩ። የሚያስቅ ወሬ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ላይ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። የዚያን ዓመት አዋቂዎች የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ መሬት ድልድል። ድልድል መጣ፣ ድልድል ደረሰ፣ ድልድል እነ እከሌን አገኛቸው ይባላል። እኔ ድልድል የሚባል ሰው በበቅሎ ሆኖ የሚዞር ይመስለኝ ነበር። በዚያው ሰሞን መምህር ባንተአምላክ ቤታችን መጥተው ከአባቴ ጋር ረጅም ጊዜ ቁጭ አሉ። ፍኖተ ሰላም ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ፤ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡትን ልጆች ዕለቱን በመኪና ወደ ባሕር ዳር ይወስዷቸዋል፣ እዚያ እያበሉ፣ እያስተማሩና እያሠለጠኑ ያኖሯቸዋል አሉ። አባቴ «ዕለቱን?» ብሎ ጠየቀ። «ዕለቱን» አሉት።

ከሁለት ቀን በኋላ አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን ጋሼ ክንዱ መዝገብ ይዞ መጣ። የድልድሉ ኮሚቴ ነው። እኔ ከጎታው ኋላ ሆኜ ጤፍ እሰፍራለሁ፤ መስፈሩን ትቼ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ይርሳው፣ ልጅቱን እንዴት ላድርጋት?»

አባቴ እሳቱን ቆሰቆሰ።

«ካሸነፈች ትሄዳለች አሉ። የሌለ ሰው ደግሞ አይጻፍም። ከሄደች ድርሻዋም አብሯት ሄደ በለው። ከቀረች ትጻፋለች። በአንተ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።»

«አይደለም» አለ አባቴ።

«ውድድሩ እስኪያልቅ አስብበት። መዝገቡ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።»

«አስቤ ጨርሻለሁ።»

የእናቴ እንዝርት ቆመ። ጋሼ ክንዱ «ኋላ እንዳይቆጭህ» አለ።

«ከቆጨኝም የሚቆጨው እኔን ነው። አሁኑኑ ሥራው።»

ጋሼ ክንዱ እስክሪብቶውን ምላሱ ላይ አርሶ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር አሰመረ። በጎታው ጥግ በኩል እጁን አየሁት፤ የጻፈውን ግን አላየሁም። ጻፈኝ ብዬ ደመደምኩ። አባቴ ለመሬት ሲል አስቀረኝ። የያዝኩት ጤፍ በጣቶቼ መሐል ፈሰሰ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ያንኑ ነገር የሚመሰክር ሆነብኝ። አባቴ በረባሶውን አዲስ ሚስማር መታበት። መምህርን መንገድ ላይ አግኝቶ «በየት በኩል ነው የሚሮጡት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። «ከሜዳው ተነሥተው እስከ ላህ ወንዝ ድልድይ፣ እዚያ ያለውን በርሜል ዞረው መመለስ ነው» አሉት። «ድልድዩ ጋ መቀመጫ አለ?» አለ። መምህር ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከቤት ልወጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ደግሞ ሰማያዊዋ ቀሚሴ ከተሰቀለችበት ጠፋች። ያለኝ ሁለት ቀሚስ ነው። እናቴን ስጠይቃት ፊቷን አዞረች። ደበቁብኝ አልኩ፤ ልብስ የሌላት ልጅ የት ትሄዳለች ብለው ነው።

ወደ ፍኖተ ሰላም የሄድነው ከመምህር ጋር በጭነት መኪና ነው። ስንነሣ አባቴ ቤት አልነበረም። ሊሸኘኝ እንኳ አልፈለገም አልኩ። መሪጌታን ገበያ መሐል ድረስ የሸኘ ሰው ልጁን እስከ ሾላዋ አይሸኝም?

ዛሬ ሳስበው፣ ያኔ እሱ መንገዱን ጀምሮታል። መኪና ላይ የሚወጣበት ገንዘብ አልነበረውም። በእግሩ ነው የሄደው።

በማግስቱ ጠዋት ሃያ ሦስት ልጆች በኖራ በተሰመረ መስመር ላይ ቆምን። ከአጠገቤ የቆመችው የደምበጫ ልጅ እውነተኛ የሩጫ ጫማ አላት፤ የእኔ ኮንጎ ጫማ ፊቱ ተሰንጥቆ በሽቦ የተሰፋ ነው። «ይሄ አይቆርጥሽም?» አለችኝ። አፌን ዘግቻለሁ፤ አልመለስኩላትም። ፊሽካው ተነፋ።

የከተማው ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ይጮኻል። ልጆቹ የመጀመሪያውን ዳገት ዝናብ እንደመጣባቸው ሆነው ሮጡበት። ለቀቅኩላቸው። ዳገቱ ማዶ አንዷ ወገቧን ይዛ ቆማለች፣ ሌላዋ ታስመልሳለች። አንድ ሁለት እያልኩ አልፋቸው ጀመር። የጠጠሩ መንገድ አቧራ ጥርሴ ላይ ይንቋቋል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ከፊቴ የቀረችው የደምበጫዋ ብቻ ናት። በርሜሉን እኩል ዞርን። ድልድዩን ስንመለስበት አለፍኳት።

ያኔ ነው አባቴን ያየሁት። ድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሯል፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል፣ በነጠላ የተቋጠረ ጥቅል ታቅፏል። ሲያየኝ ብድግ አለ። አለፍኩት። ከኋላዬ ጧ ጧ ጧ ሰማሁ።

ሊይዘኝ መጣ። ሌላ ነገር ወደ ሐሳቤ አልመጣም። ባለኝ ኃይል ሁሉ ሮጥኩ። በረባሶው ግን አልራቀም፤ መጥቶ ጎኔ ሆነ።

«ያምሮቴ። አይዞሽ። እስከዚያች ዛፍ ብቻ ነኝ።»

ዝም።

«ላሟ ትናንት መውለዷን መንገደኛ ነገረኝ። ጥጃዋ ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት።»

ዝም። ዛፏ ጋ ደረስን። አየኝ፤ አላየሁትም። ዛፏን አለፍናት።

«እሺ እስከዚያ የጠጠር ክምር። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። በሶሽን እሷ ናት ያዘጋጀችው።»

ትንፋሹ ይቆራረጣል። አንድ እግሩ ጧ ይላል፣ ሌላው ይጎተታል። ጥቅሉ ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው ይዛወራል። የጠጠሩን ክምር አለፍን። ደግሞ አየኝ። ከንፈሬን ነከስኩ። መምህር አፍሽን ዝጊ ብለውኛል፤ ባይሉኝም እዘጋው ነበር። ለመሬቱ ሲል ያስቀረኝ ሰው የጥጃ ወሬ ያወራኛል ብዬ ነደድኩ።

ብስክሌት የያዘ ዳኛ ደረሰብን። «አባት፣ ከመንገዱ ይውጡ። አጃቢ አይፈቀድም። ልጅቱን ያሰርዟታል።»

«እሺ ልጄ፣ እሺ፣ አሁን» አለ አባቴ። ግን አልቆመም። ዳኛውን እሺ እያለ እኔን ነው የሚያየኝ። ሊይዘኝ ከመጣ ለምን እንዳልያዘኝ አንዴ እንኳ አልጠየቅኩም። እጁ ከትከሻዬ ስንዝር አይርቅም ነበር።

እንደዚያ ሆነን እስከ ከተማው መግቢያ ሄድን። እዚያ ጉልበቱ ከዳውና ተደናቅፎ ወደቀ። ጧ ጧው ሲጠፋ ደስ አለኝ። ይህን የጻፍኩት እያፈርኩ ነው፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ክሩን በደረቴ በጠስኩት። አንደኛ ነበርኩ፤ ምናልባት ለአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ያህል። ከዚያ ብስክሌተኛው መጣ፣ ዳኞቹ ተሰበሰቡ፣ መምህር ባንተአምላክ እጃቸውን እያወራጩ ተከራከሩ። ደንብ ደንብ ነው ተባለ። እውነታቸውን ነው። ስሜ ተሰረዘ፤ የደምበጫዋ ልጅና ከእሷ ቀጥላ የመጣችው መኪና ላይ ወጡ። የደምበጫዋ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። እሷንም አልመለስኩላትም።

አባቴን ከሜዳው ጥግ ድንጋይ ላይ አገኘነው። ጉልበቱ አብጧል።

«መምህር፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?»

«ደንቡን አላወቁትም፣ አባት» አሉት መምህር፣ መሬት መሬት እያዩ።

አባቴ ጥቅሉን ፈታ። በሶ አለ። ከበሶው ሥር ሰማያዊዋ ቀሚሴ በደንብ ተጣጥፋለች፣ ከእሷ ጋር የእናቴ አዲስ ነጠላ። «ቀይሪ፣ ላብ ነው» አለኝ። ለላብ ብሎ የሁለት ቀን መንገድ ቀሚስ የሚሸከም ሰው የለም። ያን ግን ያኔ አላሰብኩትም። ቀሚሴን ቀማሁትና ጀርባዬን ሰጠሁት።

ሁለት ክረምት አላናገርኩትም። ይምጡ ይብሉ፣ ውኃ ይኸው፣ ከዚያ በላይ የለም። መምህር በዓመቱ እንደገና እንድሮጥ ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩ። በዚያ ድልድል መሬታችን አነሰ። የሁሉም ሰው ያነሰ መስሎኝ አልጠየቅኩም። ከዚያ ትምህርቱንም ተውኩት፤ ቡሬ ወርጄ ንግሥቴ ከምትባል በርበሬ ነጋዴ ዘንድ ቀንጣሽ ሆንኩ።

ለሕሊና ሠልጣኞች የነገርኳቸው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በርበሬ የሩጫ ልጅ ይፈልጋል። ኅዳር ላይ ሁሉም ይገዛል፣ ሁሉም ይሻማል፤ ያ የመጀመሪያው ዳገት ነው፣ እለቅላቸዋለሁ። ርጥቡን በርበሬ በችኮላ ያከማቸ ሰው ሻግቶበት ወገቡን ይዞ ሲቆም አገኘዋለሁ። በራሴ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት እኔም ቸኮልኩና ግማሹ ሻገተብኝ። ፀሐይ ላይ አስጥቼ አንድ በአንድ ለቀምኩት፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ጣቴ እንደ እሳት ያቃጥል ነበር። አላቆምኩም። ይህ ከሩጫ የመጣ ነው ወይስ ከግትርነቴ፣ አላውቅም። አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ግን ዋናው ትምህርት የመጣልኝ በመኪና ላይ ነው።

የመጀመሪያዬን ሙሉ አይሱዙ በርበሬ ወደ አዲስ አበባ ስሰድ፣ እኔም አብሬ ልሄድ ከሹፌሩ ከመልካሙ ጎን ተቀመጥኩ። አባቴ ከሾላ ሜዳ መጥቷል። ያኔ ታርቀናል፤ ታርቀናል ማለት ስላለፈው አናወራም ማለት ነው። መኪናው ሲነሣ የበሩን እጀታ ይዞ ጎን ጎኑን ይሄድ ጀመር።

«የታችኛው ማሳ ጤፍ ዘንድሮ ደህና ነው» አለኝ በመስኮቱ።

«ደግ» አልኩ። ስለ ገበያው እያሰብኩ ነው።

መልካሙ ማርሽ ጨመረ። አባቴ ሶምሶማ ጀመረ። ጧ፣ ጧ።

«እናትሽ ወገቧን ተሽሏታል።»

«አባባ፣ ይልቀቁ፣ ይወድቃሉ» አለ መልካሙ። አባቴ «እሺ ልጄ፣ አሁን» አለና እኔን አየኝ። ጢሙ ነጭ ሆኗል። የሚያየኝ ግን በዚያው ዓይን ነው። የሆነ ነገር ይጠብቃል።

«ኧረ ይመለሱ፣ አባባ» አልኩት፣ ተቆጥቼ።

እጁ እዚያው ለቀቀ። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ዱላውን አነሣ። «እሺ። በሰላም ግቢ» አለ። ያን ያህል ነበር የፈለገው፤ አንድ ቃል።

በመስተዋቱ እያነሰ ሲሄድ አየሁት። ያየሁት ግን የላህን ድልድይ ነው። ዛፏን፣ የጠጠሩን ክምር፣ ቀይዋን ጥጃ። ሊይዘኝ አልነበረም የመጣው። እየሸኘኝ ነበር። መንገደኛዋ ዝም አለች፣ እሱም መመለስ አልቻለም። ይመለሱ ብዬው ቢሆን ኖሮ ከዛፏ ይመለስ ነበር።

ደምበጫ እስክንደርስ አለቀስኩ። መልካሙ በሥጋት አየኝና «ምን ሆንሽ፣ እታለም?» አለኝ።

«በርበሬው ነው።»

«እኔን አላቃጠለኝም እኮ።»

«አንተ ለምደኸዋል» አልኩት።

ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ ቀጥታ የሄድኩት ወደ ጋሼ ክንዱ ነው። አርጅቷል፣ አንድ ጆሮው አይሰማም። ያን ምሽት መዝገቡ ላይ ምን እንዳሰመረ ጠየቅኩት።

«ስምሽን ነዋ። ሰረዝኩት።»

«ማን ሰርዝ አለህ?»

«እሱ ነዋ፣ አባትሽ። ኋላ ይቆጭሃል አልኩት፤ አንቺም ሰምተሻል ለካ። 'ልጄ ሂያጅ ናት፤ በሄደች ልጅ ስም መሬት አልበላም' አለኝ። ከውድድሩ ተሰርዘሽ ስትመጪ ደግሞ መዝገቡ ገና አልተዘጋም ነበር። ተመልሳለች፣ ልጻፋት ብዬ ላክሁበት። እምቢ አለ።»

«ለምን?»

«'ከጻፍኳት ቀረች ማለት ነው። በሚመጣው ዓመት ደግሞ ትሮጣለች' ብሎ ነዋ።»

በዓመቱ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ክንዱ ይህን ስለሚያውቅ ወደ ደጁ ዞሮ አክታውን ተፋ። ድርሻዬም ሄደ፣ እኔም አልሄድኩም። አባቴ ሁለቱንም አጥቶ፣ ሁለት ክረምት ከማታናግረው ልጅ ጋር ከአንድ መሶብ በላ።

መጋዘኔ ውስጥ ማሚቱ የምትባል ቀንጣሽ ነበረች፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብራኝ ናት። ሳል ይዟት ወራት ሆኗታል። ካልቻለች ትናገራለች እያልኩ ዝም ብያታለሁ። ከጋሼ ክንዱ ቤት መልስ «ማሚቱ፣ ቤትሽ ሂጂና እረፊ። ቦታሽ ይጠብቅሻል፣ ደመወዝሽም አይቀርም» አልኳት። ቅርጫቷን አስቀመጠች። «ይህን እስኪሉኝ ስጠብቅ ነበር» አለች። እንግዲህ አብሮኝ የሚሮጥ ሰው ካለ፣ መቼ እንደሚመለስ የምነግረው እኔ ነኝ። አዳራሹ ውስጥ ይህን ስናገር ሕሊና ወረቀቷ ላይ «የባለድርሻ አካላት አያያዝ» ብላ ጻፈች። ይሁንላት።

ባለፈው ለጥምቀት ሾላ ሜዳ ሄድኩ። ስነሣ አባቴ እንደ ልማዱ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። አሁን አርጅቷል፤ አሥር እርምጃ ሄዶ ይቆማል። የአውቶቡስ ሰዓቴ ተቃርቧል፣ ግን አልቸኮልኩም።

«አባባ፣ ያቺ ጥጃ ምን ሆነች?»

«የቷ ጥጃ?»

«ቀይዋ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት።»

ቆመ። ከዚያ ዱላው ላይ ተደግፎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«አሁን መለስሽልኝ?»

«አሁን።»

«ላም ሆነች። ስድስት ወለደች። ወተቷ ግን ቀጭን ነበር፣ እናትሽ ትረግማት ነበር» አለና እስከ ሾላዋ ድረስ የስድስቱንም ጥጆች ታሪክ አንድ በአንድ ነገረኝ። ሾላዋ ጋ ስንደርስ በደንብ ዞሬ ዓይኑን አየሁት።

«በቃ ይመለሱ፣ አባባ።»

«እሺ፣ ያምሮቴ።»

ተመለሰ። ጉልበቱ ሲጎተት አየሁና አላስቻለኝም፤ ተከትዬ ጎኑ ሆንኩ። «እስከዚያች አጥር ልሸኝዎት» አልኩት። በጎን አየኝ። ስለ ገበያው አወራሁት፣ ስለ ልጆቼ አወራሁት። አጥሯ ጋ ደረስን። ተመለሺ እስኪለኝ ጠበቅኩ።

ምንም አላለም። ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ ፊት ለፊቱን እያየ ሄደ። ጢሙ ሥር ግን ሳቁ ይታየኛል።

አጥሯን አለፍናት። አውቶቡሱ ቡሬ ላይ ጡሩንባውን ሲነፋ እኔ ከእናቴ ደጅ ደርሼ ነበር።